የፀሐይቱ ፊርማ

ሰኞ፣ የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ ይህን ደብተር ገዛሁ። በልጅነቴ ያስተማሩን ፈረንሳውያን መነኮሳይት፣ ማሴሮቹ፣ «ነገር ሲበዛባችሁ ጻፉት፤ የጻፋችሁትን ገጽ ግን አትቅደዱ» ይሉን ነበር። ነገር በዝቶብኛል።

ልጄ ፀሐይቱ ከፍርድ ቤቱ በእኩለ ቀን ተመልሳ መጣች። እዚያ ታይፒስት ናት፤ በሥራ ሰዓት ቤት ገብታ አታውቅም። «እማዬ፣ ዓይኔ ላይ ከጥግ በኩል ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ» አለችኝ። ያለቻት አንድ ዓይን ናት። ግራውን በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ወስዶታል።

ይዣት ወደ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ብዙ ካየ በኋላ፣ ከዓይኗ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ከቦታው እየተላቀቀ ነው አለ። መሐሉ ገና አልተነካም። መሐሉ ከለቀቀ ግን ብርሃን የለም። መሣሪያው እዚህ የለንም፤ ናይሮቢ አንድ ህንዳዊ ሐኪም ይሠራዋል፤ ቶሎ ይውሰዷት አለኝ።

«ቶሎ ማለት ምን ያህል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ነገ ቢሄዱ ከነገ ወዲያ ከመሄድ ይሻላል» አለ።

እስከዚያ ተጋድማ ትቆይ ተብላለች። ማታ ተነሥታ ድስት ስትከድን አገኘኋት። ጮህሁባት። መጮኼ ልክ አልነበረም። ድስቱም በደንብ አልተከደነም ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 25

ቀበሌ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ። ከሰዓት በኋላም ስብሰባ። ባንክ ያለ ሕክምና ቦርድ ወረቀት አያነጋግርም። ኢሚግሬሽን ያለ ባንክ ወረቀት አያነጋግርም። ሁሉም ያለ ቀበሌ ወረቀት አያነጋግርም። እግሬ አብጧል። ነገ ከሊቀመንበሩ ቀድሜ ቢሮው በር ላይ እገኛለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 29

የቀበሌው ማኅተም ተመታ! ሊቀመንበሩ በር ላይ ተቀምጬ ሲያገኘኝ ለሦስተኛ ቀን ነው። «እማማ፣ እርስዎ ቤት የለዎትም?» አለኝ። «አለኝ፤ ወረቀቱ ግን ያለው እዚህ ነው» አልሁት።

ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም የማልሰማ መስሏቸው ያወሩ ነበር።

«አሮጊቷስ ትመለሳለች። ልጅቷ ግን ናይሮቢን አንድ ጊዜ ካየች…»

«በየትኛው ዓይኗ?»

ተሳሳቁ። ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ፊታቸውን ባውቀው ይቅር ማለት ያቅተኛል።

ከዚያ ዋስ ፍለጋ። ወደ ጌጃ ሰፈር ወረድሁና ልብስ ሰፊው ኃይለሚካኤል ዘንድ ሄድሁ። የነፍስ ኄር ባለቤቴ ወዳጅ ነበር። ሰው ከአገር ሲወጣ ይመለሳል ብሎ የሚፈርም ዋስ ያስፈልጋል፤ ካልተመለሰ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ኃይለሚካኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እትዬ ወለተሰንበት፣ እናንተ ካልመጣችሁ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልፈርም?»

«ስምህን ብለህ» አልሁት።

ሳቀና ፈረመ። ሚስቱ አልሳቀችም። እስከ በር ድረስ ሸኝታኝ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ለቀቀችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ዐቢይ ጾም ገባ። ባንክም ፈቀደ።

ለፀሐይቱ ሁለት ሺህ የአሜሪካን ዶላር በመንገደኛ ቼክ። ለእኔ ለአስታማሚዋ ሃምሳ ዶላር በጥሬው። ቼኩ በእኔ ስም ይሁን፣ ልጅቷ ተጋድማለች፣ የምሯሯጠው እኔ ነኝ ብዬ ለመንሁ። ጸሐፊው ደንቡን በጣቱ እየመታ «ደንቡ ለታማሚ ይላል፣ እማማ» አለ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። እኔም ብሆን አላልፈውም ነበር።

ድሪዬን ሸጥሁ። የፍርድ ቤቱ ባልደረቦቿም አዋጥተው አመጡ። ከድሪው ይልቅ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 16

ቼኮቹ ተሰጡን። በታክሲ አምጥቻት፣ እንዳትቆም ከአንድ ሰዓት በላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝቻት ነበር። ሰው ሁሉ አየን። ይየን።

ጸሐፊው አስረዳን፦ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ሁለት መስመር አለ። በላይኛው አሁን፣ እዚህ ባንኩ ፊት ትፈርማለች። ታችኛው ባዶ ይቆያል፤ እዚያ አገር ገንዘቡን የሚከፍላት ሰው እያየ ትፈርምበታለች። ሁለቱ ፊርማ አንድ ከሆነ ይከፈላል፤ ካልሆነ ወረቀት ነው። ስለዚህ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው አይጠቀምበትም። ብልህ ነገር ነው። የሠራው ሰው ሥርዓት ያውቃል።

ፀሐይቱ ሃያውንም ቅጠል ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ፈርማ ጨረሰች። በአማርኛ ነው የምትፈርመው፤ ግን የዶሮ ጭረት ነው እንጂ ፊደል አይባልም። «ፀ»ዋ አናት የላትም፤ «ቱ»ዋ ጅራት ሆና ትቀራለች።

«ይህን ነው ያስተማርሁሽ?» አልኋት።

«እማዬ፣ ፊርማ ነው፤ ፈተና አይደለም።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። አየሁት።

ቤት ገብቼ የቼኮቹን ቁጥር በሁለት ወረቀት ገለበጥሁ። አንዱን እኔ እይዛለሁ፣ አንዱ ኃይለሚካኤል ዘንድ ይቀመጣል። ለቼኮቹ የውስጥ ቀሚሴ ላይ ኪስ ሰፋሁ። ደረሰኙ በሌላ ቦርሳ ይሄዳል። ቼክና ደረሰኝ አብረው አይሄዱም፤ ቢጠፉ አብረው ይጠፋሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 20

የመውጫ ቪዛ። ሠላሳ ቀን። ሐሙስ እንበራለን። የሰፈር ሰው ሲሰናበተን ፊታችንን በጣም ያየናል፤ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያይ ሰው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22። ናይሮቢ

ደረስን። ፀሐይቱ መንገዱን ሁሉ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ መጣች።

እዚህም ሥርዓት አላቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይዘን የገባነውን ገንዘብ ሁሉ በቅጽ አስጻፉን። በመነዘርን ቁጥር ባንኩ ቅጹ ላይ ማኅተም ይመታል፤ ስንወጣ ይታያል። ደስ አለኝ። በንጹሕ ጽሕፈት ሞላሁት።

እዚያው የምንዛሪ መስኮት ነበረ። ዋጋው ከተማ ካለው ባንክ እንደሚያንስ አውሮፕላን ውስጥ ሰው ነግሮኝ ስለነበር፣ ከእጄ ዐሥር ዶላር ብቻ ለታክሲ መነዘርሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወደ ቼኮቹ እያመለከተች ደጋግማ «ኢስተር፣ ኢስተር» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ይህን ግን አውቄዋለሁ፤ ፋሲካ ማለቷ ነው። ሳቅሁ። ፋሲካ ገና ከወር በላይ አለው፤ ጾሙ እኩሌታ እንኳ አልደረሰ። ነጋዴ ደንበኛ ለመያዝ የማይለው የለም።

ያረፍነው ብርክቲ ቤት ነው። እናቷ ወይዘሮ አባዲት ጌጃ ሰፈር ናት፤ የልጇን አድራሻ በቃሌ አስጠንታኝ ነበር፤ በወረቀት ይዞ መሄድ አይበጅም ብላ። ብርክቲ ስድስት ዓመት ሆናት። እንዴት እንደመጣች አልጠየቅኋትም። ክፍሎች ታከራያለች። «እትዬ፣ እርስዎን ሳይ ሰፈራችንን ልደታን ያየሁ መሰለኝ» ብላ አለቀሰች። የአልጋ ልብሷ ንጹሕ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 23

ሁሉም ዝግ ነው። ባንኩ፣ ሱቁ፣ ሁሉም።

የእነሱ ስቅለት ዛሬ ነው። እሑድ ፋሲካቸው ነው። ሰኞም ዝግ ነው። ባንክ የሚከፈተው ማክሰኞ ነው።

ልጅቷ ነግራኝ ነበር። ሳቅሁባት።

ሐኪሙ ግን በበዓሉም ተቀበለን። ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዓይኗን አይቶ ሲነሣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። መሐሉ በቀጭን ክር ተይዞ እንዳለ ነው፣ እስከ ማክሰኞ አልጠብቅም፣ ነገ እሠራለሁ አለ። ብርክቲ ናት የምትተረጉምልኝ። ክሊኒኩ ግን መያዣ ይፈልጋል፤ በሽልንግ ብቻ። ቼክ አይቀበልም።

የምንዛሪው ልዩነት ስንት ነበር? ጥቂት ሽልንግ። ለጥቂት ሽልንግ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24

ተሠራላት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሙ ሲወጣ አውራ ጣቱን አነሣ። መልካም ሆነ ማለቱ እንደሆነ የነገረችኝ ብርክቲ ናት።

ዋና ነርሷ ሽልንጉ እስኪመጣ ብላ ቀሪውን አርባ ዶላሬንና ሁለቱን ፓስፖርት መያዣ ወሰደች። ቀሪው ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት መከፈል አለበት፤ ያለዚያ አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ሐኪሙ ደግሞ ከአልጋ አትነቃነቅ ብሏል። በጀርባዋ ተኝታ፣ በራሷ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት ተደርጎላታል። ብትነሣ፣ በመኪና ብትንገጫገጭ፣ የተጣበቀው ሁሉ ይለቃል።

ዓይኗ በወፍራም ፋሻ ታሽጓል። የምታይበት ያ አንዱ ዓይኗ ነው።

ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ። ቼኮቹ ቀሚሴ ውስጥ አሉ። በስሟ ናቸው። ባንክ ሄዳ፣ እያዩዋት፣ መፈረም አለባት።

እሑድ፣ መጋቢት 25

የእነሱ ፋሲካ። ደወል ከየአቅጣጫው። ጎረቤት ሁሉ ሥጋ ይጠብሳል። እኔ በሽሮ።

ብርክቲ ሳህን ስታነሣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ እኔ የቤት ኪራይ ያጠራቀምሁት ሽልንግ አለኝ። ዛሬውኑ ልስጥዎት። እርስዎ ሲመለሱ ለእናቴ ብሩን ይሰጡልኛል። ቼኩን ደግሞ ፀሐይቱ ስትድን ፈርማ በስውር ትሸጠዋለች፤ እዚህ የሚገዛ ሞልቷል፣ በእጥፍ። ማን ያያል?»

«ቅጹ ላይ የጻፍሁት ገንዘብ ሳይመነዘር፣ ለክሊኒኩ የከፈልሁት ሽልንግ ከየት መጣ ልበል?»

«አገኘሁ ይበሉ።»

«ይዘው ቢያስቀሩኝ ኃይለሚካኤልስ?»

«ማነው እሱ?»

«ስሙን የፈረመልኝ ሰው።»

ሳህኑን አስቀምጣ «የፀሐይቱ ዓይንስ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ድረስ ጊዜ ስጪኝ አልኋት። ገንዘቡን ግን እንዳታጠፋው አልኋት።

ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ የፀሐይቱን ፊርማ ሞከርሁ። ሊሆን ይችል እንደሆነ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። አናት የሌላት «ፀ»፣ ጅራት የሆነች «ቱ»። አራተኛው ከእሷው አይለይም ነበር። ስድስተኛው ደግሞ ከአራተኛው ይበልጥ ነበር። ጋዜጣውን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ይህ ደብተር ስለሆነ ገጹን አልቀድም።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ዛሬም ዝግ። ከፋሲካ ማግሥት ምን ያከብራሉ?

መላ አገኘሁ። በአገራችን መፈረም ያልቻለ ሰው በአውራ ጣቱ አሻራ፣ በሦስት ምስክር ፊት ያረጋግጣል። ፍርድ ቤትም ይቀበለዋል። ስለዚህ ዛሬ በፀሐይቱ አልጋ አጠገብ ውክልና ጻፍሁ፤ አሻራዋን አደረገች። ምስክሮቹ ብርክቲ፣ ተከራይዋ ሞቱማ የሚባል የሰላሌ ልጅ፣ ሹፌር ነው፣ እና የሞቱማ አጎት። አጎትየው ኮት አጥቶ የሞቱማን ለበሰ።

ጽሑፉ እንከን የለውም። ሞቱማ አንብቦ «እማማ፣ ይህስ ለመንግሥት ይቀርባል» አለኝ። ነገ ድል ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 27፣ መድኃኔ ዓለም

የሆነውን ሁሉ በሥርዓቱ ልጽፈው። ብርክቲ ቤት ሁሉም ይጮኻል፤ ሞቱማ ይዘፍናል። እኔ በር ዘግቼ ነው።

ባንኩ ሲከፈት አራታችንም በር ላይ ነበርን። ምስክሮቼን አሰልፌ ወረቀቱን መስኮት ላይ አኖርሁ። ገንዘብ ከፋዩ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ካማው ይባላል። አሻራውን አየ። ምስክሮቼን አየ። የሞቱማ አጎት ለሰላምታ ባርኔጣውን አነሣ። ካማው አፉን በእጁ ያዘ። ከኋላው ያሉት ግን አልያዙም፤ ሳቁ።

ብርክቲ ጆሮዬ ላይ፣ «እትዬ፣ ቼኩ ምስክር አያውቅም፣ እጇን ብቻ ነው የሚያውቀው ይላል። ትምጣ ይላል።»

«መምጣት ብትችል እኔ ለምን እመጣ ነበር በይው!»

ብዙ ተናገርሁ። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ አልጋው። ብርክቲ በአራት ቃል ተረጎመችው። «ሁሉንም ንገሪው» አልኋት። «ሁሉንም ነግሬዋለሁ» አለችኝ። ሰልፉ ከኋላችን ረዘመ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ምስክሮቼ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ሰዓቱ አራት አለፈ። ወደ አግዳሚው ሄጄ ተቀመጥሁ። ብርክቲ አጠገቤ ተቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ውስጡ የተጠቀለለ ሽልንግ ነበር።

አየሁት። ይህን መካድ አልችልም። ረጅም ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ቼኩን አውጥቼ በጀርባው ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብርክቲ በዝግታ እንድታነብልኝ አደረግሁ። የሚከፍለው ሰው ባለበት ይፈረም ይላል። ድገሚው አልኋት። ደገመችው። ተነሣሁ። ሥራ አስኪያጁን ጥሪልኝ አልሁ። አይመጣም ሲሉኝ መስኮቱን በቀለበቴ ማንኳኳት ጀመርሁ፤ እስኪመጣ አላቆምሁም።

መጣ። ግዙፍ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አድርጌ፣

«ከፋዩ ባለበት ይላል እንጂ ባንኩ ውስጥ አይልም። እሷ መነሣት አትችልም። ከፋዩስ እግር የለውም?»

ብርክቲ ይህቺን በሙሉ ተረጎመቻት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ካማው እግር አየ። ካማውም ወደ ራሱ እግር አየ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። ያጉረመረሙት ሁሉ አብረው ሳቁ። ካማውን ገንዘብ በቦርሳ አስይዞ፣ ዘበኛ ጨምሮ፣ በሞቱማ መኪና ላከልን። ዘበኛው ከፊት፣ እኔና ብርክቲ ካማውን መሐል አስገብተን። አጎትየው በእግሩ መጣ።

ክሊኒክ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ነርሷ ሌላ ታማሚ በጋሪ አስቀምጣ በራችን ላይ ታስጠብቅ ነበር።

እኔ ሰኞ ምናልባት ያስፈልጋል ብዬ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር። ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የመስመሩን ያህል ቀዳዳ ቆርጬ ነበር፤ ካርቶኑ ቼኩ ላይ ሲቀመጥ ብዕሩ ከመስመሩ እንዳይወጣ። ትሪ ደረቷ ላይ አኖርሁ፣ ካርቶኑን አስተካከልሁ፣ ጣቷን ቀዳዳው ላይ አሳየኋት።

«ቀስ ብለሽ» አልኋት። «ፊደሉን ሙሉ አድርጊው። አትቸኩዪ። ቀጥ በይ።»

ፈረመች። ቆንጆ ነበር። እንዲህ ንጹሕ ፊርማ ከእሷ አይቼ አላውቅም። ካማው ላይኛውን አየ፣ ታችኛውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሌላ ሞክሪ። ‹ፀ›ዋን እንዳትረሺ፣ አናቷን…»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ፤ ማለትም ይበልጥ አማረ። ካማው ቦርሳውን ዘጋ። ከዚያ ለብርክቲ አንድ ነገር ነገራት። ብርክቲ አልተረጎመችም።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ።»

«ብርክቲ!»

«እናትየው ይውጡ ነው ያለው፣ እትዬ።»

ክፍሉ ጠባብ ስለነበር እኔም ለመውጣት አስቤ ነበር። ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጋሪው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከውስጥ ፀሐይቱ አንድ ነገር ስትጥል ሰማሁ፤ ካርቶን ወለል ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከዚያ የብዕር ጭረት። አንድ። ሁለት። ከዚያ መቁጠር እስኪያቅተኝ። ከዚያ ስትስቅ። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ብርክቲ በሩን ስትከፍት ካማው ቅጠሎቹን እንደ ካርታ እየደረደረ ነበር። ሁሉም የዶሮ ጭረት! አናት የሌላት «ፀ»፣ ጅራት የሆነች «ቱ»፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። የተበላሹትን ሁለቱንም በጀርባቸው አስፈርሞ ተቀበላቸው። ቅጹን አምጡ አለ፤ ማኅተሙን መታ። ሽልንጉን ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ነርሷ ጋሪውን ወደ ሌላ ክፍል አዙሩ አለች፤ ሽማግሌውም ክፍል አገኘ።

ካማው ሲወጣ በጣም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ሰጠሁት።

«እማዬ» አለች ፀሐይቱ ከፋሻው ሥር፣ «ካርቶንሽ ከአልጋው ሥር ነው።»

«ይቀመጥ» አልኋት።

ብርክቲ የራሷን ጥቅል እንደነበረ ወደ ቤት ይዛ ገባች። ጌታ ሆይ፣ በዕለተ ስምህ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 29

ዝም ብላ ተኝታለች። በማንኪያ አጎርሳታለሁ። ስለ ሰኞውና ስለ ማክሰኞው ለነርሶቹ ሁሉ ተናግራለች፤ የእኔን አነጋገር ስታስመስል ሳቃቸው እስከ ደጅ ይሰማል። ድምፄ እንደዚያ አይደለም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

ፋሻው ዛሬ ተነሣ።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ከቤት ስወጣ ጨለማ ነበር። ሐኪሙ መስኮቱን አስጋርዶ ፋሻውን በዝግታ ፈታው። ዓይኗ ቀይ፣ ያበጠ። ጣቶቹን አሳያት።

«ሦስት» አለች። «አሁን ሁለት። አሁን አንድ፣ እሱም ቀለበት አለው።»

እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«እማዬ፣ ነጠላሽን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገሽ ለብሰሻል። እንደ ለቀስተኛ። ማን ሞተ?»

ወደ ታች አየሁ። እውነቷን ነው። በጨለማ ለብሼ ሐዘንተኛ ሆኜ ከተማውን አቋርጬ መጥቻለሁ።

«ማንም አልሞተ» አልሁ። «ማንም አልሞተ!» እዚያው ሐኪሙ ፊት ገልብጬ ለበስሁት። ብርክቲ እልል አለች። ነርሷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል ለማለት ሞከረች። አልቻለችበትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20። ልደታ

ገባን። ፈቃዳችን ሳያልቅ።

ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቅጹን ከማኅተሙ ጋር አስረከብሁ፤ ሠራተኛው አንድ ጊዜ አየና አሳለፈን። የተረፈውን ቼክ ባንክ ወስደን መለስን። ያ ጸሐፊ «የተረፈ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ የለም፣ እማማ» አለኝ። «ደንቡ ይላል» አልሁት። ፀሐይቱ ፊርማዋን ስታኖር አንገቴን አቀርቅሬ ሌላ ነገር አየሁ።

ከዚያ ኃይለሚካኤል ዘንድ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ስንቆም መቀሱን ጣለ። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ፀሐይቱን ሳይሆን እኔን አቀፈችኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ።

«ስሜን መለሳችሁልኝ?» አለ ኃይለሚካኤል።

«ሳይቆሽሽ» አልሁት።

በቀበሌው በር ስናልፍ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤ እነዚያው ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ፀሐይቱ «እንደምን ዋላችሁ» አለቻቸው፣ ዓይናቸውን እያየች።

ሰኞ፣ ግንቦት 1

ዘንድሮ ፋሲካና ልደታ ተከታተሉ። ትላንት ጾሙን ፈታን፤ ማታ ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥተን ንፍሮ ቀቀልን። ዛሬ ማርያም ናት።

በጠዋት ተነሥተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። መንገዱ በነጭ ልብስ ሞልቷል። ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እንደ ወትሮዬ ክንዴን ዘረጋሁላት። ሐኪሙ ሰው እንዳይገፋት ተጠንቀቁ ብሏል። ክንዴ አየር ላይ ቀረ። እሷ ቀድማ ወርዳለች። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወደ ታች እያየች ሳይሆን ወደ ፊት እያየች። ሰው መሐል ገባች፣ ወጣች። የነጠላዋን ጥለት እየተከተልሁ አየኋት። ተይ፣ ቀስ በይ ልላት አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት።

ግርጌው ላይ ደርሳ ዞረች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ወዲያው አገኘችኝ። እጇን አውለበለበች።

«እማዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ! ታቦቱ ወጣ!»

ሰባ ዓመቴ ነው። ሮጥሁ።